የዜማ ዕቃ ሠሪዎችና እንጨትን የማሳሳት ጥበብ

አውታር ብቻውን ድምፅ የለውም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረ ክር ቢመታ በአጠገቡ ለቆመ ሰው እንኳ በጭንቅ ይሰማል፤ ቀጭን ስለ ሆነ ብዙ አየር ሊገፋ አይችልምና። ስለዚህ ባለ አውታር የዜማ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የክሩን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ለአየር የሚያስረክብ ሰፊና ቀላል ገጽ ሲሹ ኖረዋል። በኢትዮጵያ በበገናውና በመሰንቆው ላይ ይህን አገልግሎት የሚፈጽመው የተወጠረው ቆዳ ነው። በቫዮሊንና በጊታር ግን ቆዳ የለም፤ በቆዳው ፈንታ የገባው እንጨት ነው። እንጨትም የቆዳን ሥራ ይሠራ ዘንድ እጅግ ስስ መሆን ግድ ይሆንበታል።

ስስነቱም እንዲያው በግምት የሚተው አይደለም። የቫዮሊን የፊት ገበታ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ዙሪያውን የሚከብበው የጐኑ እንጨት ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የጊታር ፊት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር፥ ጐኑም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የተፈጥሮ ሕግ ደግሞ በዚህ ላይ ይቅርታ አያውቅም። የአንድ ገበታ አልታጠፍ ባይነት ከውፍረቱ ጋራ እኩል እየሄደ አይቀንስም፤ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ እንደ ተባዛ ሆኖ ይቀንሳል እንጂ። ከውፍረቱ ከዐሥር አንድ እጅ ቢነሣለት ጥንካሬው ከመቶ 27 እጅ ይጐድላል፤ እኩሌታው ቢነሣለት ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ይቀርለታል። የሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ገበታ ዐሥረኛው እጅ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ሁለት ወይም ሦስት ወረቀት ቢደራረብ የሚሆነውን ያህል ነው። እንግዲህ ሠሪው በሦስት ወረቀት ውፍረት ያህል ቢሳሳት የገበታውን ጥንካሬ ከሩብ የበለጠ እጅ ያጠፋል ማለት ነው። ገበታው ወፍራም ቢሆን ድምፁ ይታፈናል፤ ቢሳሳ ደግሞ ባለ ብረት አውታሩ ጊታር 70 ኪሎ ያህል በሚሆነው የክሮቹ ጉተታ ሆዱ ይነፋል፥ ይሰነጠቃልም።

ይህን ስስና እኩል የሆነ እንጨት ለማግኘት ሰዎች የደከሙት ድካም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ታሪኩ የነገሥታት ስላልሆነ በትልልቆቹ መጻሕፍት እምብዛም አይገኝም። (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በኢጣልያ አገር በክሬሞና ከተማ የኖረው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1644 ግድም ተወልዶ በ1737 ሞተ። ቫዮሊኖቹ ዛሬ በብዙ ሚሊዮን ብር ስለሚሸጡ ስሙን ያልሰማ የለም። ከሥራ ቤቱ የቀረውን ዕቃ ወራሾቹ በ1776 ግድም ኮዚዮ ዲ ሳላቡዌ ለሚባል ኮንት ሸጡት፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ በ1920 ጁዜፔ ፊዮሪኒ የሚባል ቫዮሊን ሠሪ ገዛውና በ1930 ለክሬሞና ከተማ በስጦታ ሰጠው። አሁን በዚያው ከተማ በ2013 በተከፈተው የቫዮሊን ቤተ መዘክር ውስጥ በመስተዋት ሥር ይታያል። ያለውም የወረቀት ንድፍ፥ የቫዮሊን ጐን የሚታጠፍበት የእንጨት ቅርጽ፥ ኮምፓስ፥ እንዲሁም ይህን የመሰለ ነገር ነው። ምሥጢር ያለበት ልዩ መሣሪያ ይኖር ይሆናል ብሎ የሚሄድ ጐብኚ ደኅና ዐናጢ ቤት የገባ ያህል ሆኖ ይመለሳል።

የዚያ ዘመን ሠሪ እንጨት የሚያሳሳው እንዲህ ነበር። ገበታውን አስቀድሞ በጎባጣ መሮ ይቦረቡረዋል፤ ቀጥሎም ከአውራ ጣት በማይበልጡ ትንንሽ መላጊያዎች ያስተካክለዋል። ለጐኑ የሚሆነው እንጨት ሜፕል የሚባለው ዛፍ ሲሆን፥ ከእርሱም የሚመረጠው ጭረቱ እየተወዛወዘ የሚሄደውና ሲጠራ እንደ ነብር ገላ የሚያብረቀርቀው ነው። ዐይን የሚማርከው ይህ ውዝዋዜ ለመላጊያ ግን ጠላት ነው፤ ምላጩ ጭረቱን ተከትሎ ሲወርድ ደኅና ይቈርጥና ጭረቱ ወደ ላይ ሲመለስ ሥጋውን ቦጭቆ ያነሣዋል። ስለዚህ ምላጩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሸረፈ ልዩ መላጊያ ይሠሩ ነበር፤ ይህ ጥርሳም ምላጭ ጭረቱን እየቧጠጠ ስለሚሄድ ቦጭቆ የማንሣት ኃይል የለውም። ጥርሱ የተወውን መሥመር ደግሞ ስስ የብረት ሰሌዳ በሆነው መፋቂያ ያጠፉታል። በመጨረሻም ግንዱ የድንጋይ ዱቄት የተመላበትን ሸካራ ሣር ወይም የደረቀ የዓሣ ቆዳ ይዘው ይወለውሉታል። የአውሮፓ ዐናጢዎች ሁሉ ማለስለሻ ይኸው ሣርና ይኸው የዓሣ ቆዳ ነበረ።

በዚህ ዓይነት አንድ ገበታ ለማሳሳት ብዙ ሰዓት ያልፋል፤ ክንድም ይዝላል። ነገር ግን ሠሪው እንጨቱን ሲፍቅ ያውቀዋል። በእስፓንያ አገር በአልሜሪያ በ1817 የተወለደው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ለዛሬው ጊታር ቅርጹን የሰጠው ሰው ነው። ድምፅ የሚሰጠው የፊቱ ገበታ መሆኑን ለማስረዳት በ1862 ጐኑና ጀርባው ከካርቶን፥ ፊቱ ብቻ ከደኅና እንጨት የሆነ አንድ ጊታር ሠራ። በእርጅናው ዘመን ወዳጁ የነበሩት ካህን ኹዋን ማርቲኔዝ ሲርቬንት ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፉት ደብዳቤ እንደሚተርኩት፥ አንድ ቀን በማዕድ ላይ ሳሉ ምሥጢሩን ለሰው ሳይገልጥ እንዳይሞት ቢለምኑት፥ ቶሬስ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን እያሳየ ምሥጢሩ ገበታውን ሲይዝ በእነዚህ መካከል የሚሰማው ነገር ስለ ሆነ ለማንም ሊያወርሰው እንደማይችል መለሰላቸው። በ1892 ሞተ። ይህ ወሬ ኋላ ማሽን በመጣ ጊዜ ለተነሣው ክርክር ሥር ስለ ሆነ ልብ ይባል።

አሁን ታሪኩ ከእንጨቱ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። በ1833 ጆን ኦኪ የሚባል ሰው በሎንዶን የተፈጨ ብርጭቆ በሙጫ በወረቀት ላይ እየለጠፈ መሸጥ ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት በ1834 ደግሞ በአሜሪካ በቬርሞንት አገር የስፕሪንግፊልዱ አይዛክ ፊሸር በዚሁ ሥራ ላይ የባለቤትነት መብት አገኘ። አማርኛው ይህን ዕቃ እስከ ዛሬ የብርጭቆ ወረቀት እያለ ይጠራዋል፤ ምንም እንኳ አሁን በላዩ ብርጭቆ ከመጥፋቱ የተነሣ ስሙ ብቻ የቀረ ቢሆን። ሣሩና የዓሣው ቆዳ ከዚያ ወዲያ ከዐናጢው ቤት ቀስ በቀስ ወጡ።

ብርጭቆ ግን ፈጥኖ ይዶለዱማል። ብርቱ የሆነ ሰው ሠራሽ ድንጋይ የተገኘው ኤድዋርድ አችሰን የሚባለው አሜሪካዊ በ1891 በኤሌክትሪክ እሳት ካርቦራንደምን ባወጣ ጊዜ ነው። ከዚህ የሚከተለውም ወሬ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1902 በሚኒሶታ አገር በሱፒርየር ሐይቅ ዳር አምስት ሰዎች ተሰብስበው ኮረንደም የሚባለውን ብርቱ ድንጋይ ቈፍረን እንሸጣለን ብለው ማኅበር አቆሙ፤ ስሙንም የሚኒሶታ ማዕድንና ፋብሪካ ኩባንያ አሉት። የቈፈሩት ድንጋይ ግን ኮረንደም አልነበረም፤ ለማለስለሻ የማይረባ ሌላ ደካማ ድንጋይ ሆነ። ማዕድን ሻጮቹም እንዳይበተኑ ሲሉ ራሳቸው የብርጭቆ ወረቀት ሠሪዎች ሆኑ። መከራው በዚህ አላበቃም፤ በ1914 ከእስፓንያ በመርከብ ያስመጡት የድንጋይ ዱቄት በመንገድ የወይራ ዘይት ፈስሶበት ኖሮ፥ ገዢዎች ከወረቀቱ ላይ ፍሬው ይረግፋል እያሉ ዕቃውን መለሱባቸው። ምክንያቱን ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ብዙ ተጨነቁ፤ ዘይቱንም በእሳት ጠብሰው አወጡት። ከዚህ ጭንቅ የተነሣ በ1916 ዕቃቸውን የሚመረምሩበት ቤት አቆሙ። በ1921 ደግሞ የፊላደልፊያው ቀለም ሠሪ ፍራንሲስ ኦኪ ያወጣውን፥ በውኃ ቢነከር የማይለቅ ወረቀት ለገበያ አቀረቡ። የሁለቱ ኦኪዎች ስም በአማርኛ አንድ ሆኖ ቢጻፍም ዝምድና የላቸውም። ይህ ኩባንያ ዛሬ ሦስት ኤም ተብሎ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ነው።

ወረቀቱ እንዲህ እየበረታ ሲሄድ ማሽኑም በሌላ መንገድ ይመጣ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤንተም በ1791ና በ1793 እንጨት በሚልጉ ማሽኖች ላይ መብት አወጣ። በአሜሪካም ዊልያም ውድወርዝ የሚባል ሰው በ1828 ምላጭ በተተከለበት ተሽከርካሪ ግንድ የሚልግ ማሽን መብት አገኘ፤ መብቱ እየታደሰ እስከ 1856 ስለ ቆየ፥ ገንዘብ የከፈሉትና ያልከፈሉት ሲካሰሱ ፍርድ ቤቱን አጨናነቁት። ለቤት ሥራ የሚሆን ሳንቃ በዚህ ማሽን እጅግ ረከሰ።

የዜማ ዕቃ ሠሪው ግን ከዚህ ጥቅም እምብዛም አላገኘም። የሚሽከረከር ምላጭ እንጨቱን በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይመታዋል። ወፍራም ሳንቃ ምቱን ይችለዋል፤ የሁለት ሚሊ ሜትር ገበታ ግን እየተርገበገበ ወደ ምላጩ ይነሣል፥ ተሰባብሮም በበስተኋላው ይወጣል። ውዝውዝ ጭረት ያለው ሜፕል ቢሆን ጥፋቱ ይብሳል። ሮዝውድ የሚባለው የብራዚል እንጨት ሲሆን ደግሞ ጕዳቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ዛፉ ከመመናመኑ የተነሣ ከ1992 ጀምሮ በአገርና በአገር መካከል መነገጃ እንዳይሆን በዓለም ስምምነት ተከልክሏል። ከድሮ የተቀመጠ አንድ ጥንድ ገበታ በምላጭ ቢፈርስበት ሠሪው ምትኩን በቀላሉ አያገኝም።

ስለዚህ ፋብሪካዎች ምላጩን ትተው ወረቀቱን በግንዱ ላይ ጠቀለሉት። በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ግድም በአሜሪካ የቤት ዕቃና የፒያኖ ፋብሪካዎች ውስጥ ሦስት ረጃጅም ድብልብል ግንዶች ጐን ለጐን የሚሽከረከሩበት ማሽን ይሠራ ነበር። ግንዱንም እንግሊዝኛው ከበሮ ይለዋል። ለዜማ የሚመታ ከበሮ አይደለም፤ ድምፁም ለጆሮ የሚደላ አይደለም፤ ክብነቱን አይተው ያወጡለት ስም ነው። በፊተኛው ከበሮ ሻካራ፥ በሁለተኛው መካከለኛ፥ በሦስተኛው ለስላሳ ወረቀት ይጠቀለላል፤ ሳንቃው በአንድ ጊዜ በሦስቱ ሥር ያልፋል። ከበሮዎቹ ሲሽከረከሩ ደግሞ ጥቂት ጥቂት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይላወሳሉ፤ አንዲት ጐላ ያለች ፍሬ በእንጨቱ ላይ ረጅም መሥመር እንዳትሰምር ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበረ። ነገር ግን ማሽኑ ከባድ ብረት፥ ብዙ ቦታ፥ ብዙ ኃይልና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የሚታሰብ አልነበረም።

የመሣሪያ ጕዳይ የእንጀራም ጕዳይ መሆኑን ለመረዳት ወደ ጀርመን መመልከት ይበቃል። በማርክኖይኪርሽን ከተማ ቫዮሊን ሠሪዎችና የቤት ዕቃ ሠሪዎች በየማኅበራቸው ተከፋፍለው ጊታር መሥራት የማን መብት ነው በማለት ብዙ ዘመን ተከራከሩ። ከቤት ዕቃ ሠሪዎቹ ወገን የነበረው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1833 አገሩን ትቶ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም በፔንሲልቬንያ በናዝሬት ከተማ ተቀመጠ። ይህ ሰው ያቆመው ቤት በ1971 በአንድ ዓመት ብቻ ከ22,000 በላይ ጊታር እስከ መሥራት ደረሰ። ይህን ያህል የሚሠራ ፋብሪካ ትልቅ ማሽን ቢገዛ ወጪውን ለብዙ ሺህ ጊታር ያካፍለዋል። በዓመት ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ጊታር የሚሠራው ብቸኛ ባለ እጅ ግን ለማን ያካፍለው?

የሆነ ሆኖ ብቸኞቹ ሠሪዎች በዚያው ዘመን በአሜሪካ መብዛት ጀመሩ። የሕዝብ ዘፈን በወጣቱ ዘንድ ተወድዶ ነበርና ጊታር የሚሻ ሰው ብዙ ነበረ። በ1966 ኧርቪንግ ስሎን የክላሲክ ጊታር አሠራርን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ መምህር ያላገኘ ሁሉ ከእርሱ ተማረ። በ1972 ደግሞ የአሜሪካ የጊታርና የባለ አውታር ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ መቀመጫውም በዋሽንግተን አገር በታኮማ ከተማ ነው። የማኅበሩም ዓላማ ጀርመኖቹ ከነበራቸው ማኅበር ተቃራኒ ሆነ፤ እነዚያ ሙያቸውን ለመደበቅ ሲሰበሰቡ እነዚህ ለመግለጥ ተሰበሰቡ። አንዱ የደረሰበትን ለሌላው ይጽፍለታል፤ ንድፉንም ይልክለታል። ቤት ሠራሹ ከበሮ በዚህ መንገድ ከአንዱ ሥራ ቤት ወደ ሌላው የሄደ ነው፤ እንደ ውድወርዝ ማሽን የመብት ባለቤት የለውም፥ ያካሰሰውም ሰው የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ይገኛል። ከኮምፔንሳቶ ብዙ ክብ ክብ እየተቈረጠ መካከሉ ይበሳል፤ እያንዳንዱ በዘንጉ ላይ እየተሰካ በኮላ ከጓደኛው ጋራ ይጣበቃል፤ እንዲህ እየተደረገ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ድብልብል ይሆናል። የዘንጉ ሁለት ጫፎች በኩሽኔታ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኩሽኔታዎቹም ከወፍራም እንጨት በተሠራ ጠንካራ አልጋ ላይ በብሎን ይታሰራሉ። በአንደኛው ጫፍ ፑሌጃ ይገባና በቺንጋ ከሞተር ጋራ ይገናኛል። ሞተሩን ብዙዎች ያገኙት ከወዳደቀ ዕቃ ነው። ከተሰበረ የልብስ ማጠቢያ የወጣ ሞተር የሞከሩ ነበሩ፤ ኃይሉ አነስተኛ ስለ ሆነ ግን ከባድ እንጨት ሲገባበት ይቆማል።

ከከበሮው ሥር አንድ ደልዳላ ጠረጴዛ ይደረጋል። የጠረጴዛው አንዱ ወገን በማጠፊያ ይያዛል፤ ሌላው ወገን በረጅም ቪቴ ከፍና ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ የሠሪዎቹ ብልሃት ይታያል። ቪቴው በአንድ ዙር አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሚወጣ ቢሆንና ከበሮው በማጠፊያውና በቪቴው እኩሌታ ላይ ቢቀመጥ፥ ጠረጴዛው ከከበሮው ሥር የሚነሣው የዚያን እኩሌታ ነው። እንግዲህ ቪቴውን ስምንተኛ ዙር ብቻ የሚያዞር ሰው ጠረጴዛውን ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ባነሰ መጠን ያነሣዋል። የዚህን ያህል ጥራት ለማግኘት ፋብሪካው በብዙ ገንዘብ የተቀረጸ ብረት ይገዛል፤ ብቸኛው ሠሪ ግን ማጠፊያና ቪቴ አገናኝቶ አገኘው።

ከዚህ የሚበልጠው ብልሃት ግን ከበሮውን ማስተካከል ነው። በእጅ የተቈረጠ ኮምፔንሳቶ ፍጹም ክብ አይሆንም፤ ቶርኖ ያለው ሰው ቢቀርጸው እንኳ ከጠረጴዛው ጋራ አቻ ለአቻ ሆኖ እንዲቀመጥ ማድረግ ሌላ ጭንቅ ነው። ሠሪዎቹ ነገሩን ገልብጠው አሰቡት። ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት በደልዳላ ሳንቃ ላይ ለጥፈው ሳንቃውን በጠረጴዛው ላይ ያኖሩታል፤ ከበሮውን ራቁቱን ያሽከረክሩታል፤ ጠረጴዛውንም ጥቂት ጥቂት ከፍ እያደረጉ ሳንቃውን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱታል። በዚህ ጊዜ የሚፋቀው ከበሮው ራሱ ነው። ፍቁ ሲያበቃ ከበሮው ክብ ይሆናል፥ ከጠረጴዛውም ጋራ ከዳር እስከ ዳር ይስተካከላል። ማሽኑ በኋላ እንጨት የሚያቀናበት ሥራ አስቀድሞ ራሱን ያቀናበታል። በእንጨት ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተዋበ አሳብ ብዙ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ጀርባው ጨርቅ የሆነ ረጅም የብርጭቆ ወረቀት እንደ መቀነት በሰያፍ ይጠቀለልበታል፤ ጫፍና ጫፉም ተሥሎ ተቈርጦ ይታሰራል። ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ከበሮ በደቂቃ 1,725 ጊዜ ቢሽከረከር ገጹ በደቂቃ 677 ሜትር ይጓዛል። ፍጥነቱ ከዚህ እጅግ ቢያንስ ወረቀቱ ይጐትታል፤ እጅግ ቢበዛ ደግሞ እንጨቱ ይቃጠላል። ሮዝውድ ዘይታም ስለ ሆነ ሲሞቅ ሙጫው ቀልጦ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ የተደፈነው ወረቀት ይብስ ያሞቀዋል፤ በመጨረሻም በገበታው ላይ ጥቁር ጠባሳ ይቀራል። የታገሠ ሰው በአንድ ጊዜ ከዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ብዙ ሳያልፍ እያነሣ ያሳልፈዋል፤ የቸኰለ ሰው ግን እንጨቱን ያሳርረዋል።

ገበታው የሚገባው ከበሮው በሚሽከረከርበት አንጻር ነው። ከሽክርክሪቱ ጋራ ቢገባ ማሽኑ ነጥቆ ከሥራ ቤቱ ማዶ ይወረውረዋል፤ ቀድሞ በዚያ የቆመ ሰው ቢኖር መልካም አይሆንለትም። በእጅ የሚገፋው ሰውም መካከል ላይ ቢያመነታ ከበሮው ባለበት ቦታ ቦይ ይቈፍራል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ገበታውን በረጅም ተሸካሚ ሳንቃ ላይ አድርገው ሳያቋርጡ ይገፉታል፤ ሌሎቹም በጠረጴዛው ላይ በእጅ የሚዞር የሸራ ቀበቶ አበጁ።

አቧራው ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። መላጊያ የሚያወጣው ጥቅል ፍቅፋቂ ወደ መሬት ይወድቃል፤ ከበሮው የሚያወጣው ግን ከዱቄት የሚልም ብናኝ ነው፥ በአየርም ላይ ሰዓት ሙሉ ይንሳፈፋል። የፊተኞቹ ቤት ሠራሽ ከበሮዎች ክዳን እንኳ አልነበራቸውም። የሮዝውድ ብናኝ ቆዳ የሚያሳክክና ትንፋሽ የሚያጥር መሆኑን ሠሪዎቹ በራሳቸው ገላ ዐወቁት፤ ከዓመታት በኋላ ሥራውን እስከ መተው የደረሱም አሉ። በ1995 የካንሰር ጥናት ዓለም አቀፍ ድርጅት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ተራ መዘገበው። እንግዲህ ያለ ክዳንና ያለ መምጠጫ ከበሮ የሚያሽከረክር ሰው ድካሙን ከክንዱ አንሥቶ በሳንባው ላይ ይጭነዋል። ዛሬ ማንም አስተዋይ ሠሪ ከበሮውን በሣጥን ይከድነዋል፥ ብናኙን በሚስብ ቱቦ ያገናኘዋል፥ አፉንና አፍንጫውንም ይሸፍናል።

በመላጊያና በመፋቂያ ያደጉት ሠሪዎች ከበሮውን በደስታ አልተቀበሉትም። ክሳቸውም የቶሬስ ጣቶች ናቸው። እንጨቱን እያሳሳ የሚያውቀው እጅ ከሥራው ከወጣ ዕውቀቱ በምን ይገባል ይላሉ። ክሱ ባዶ አይደለም። ከበሮው የሚሰጠው እኩልነትን ነው፤ እንጨት ግን ከእንጨት አይተካከልም። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ገበታዎች በካሊፐር ሲለኩ አንድ ሆነው ሲታጠፉ ግን ይለያያሉ፤ አንዱ በሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል የሚበቃው ሲሆን ሌላው ጥቂት ወፍሮ መቅረት ይገባዋል። ቍጥር ብቻ አይቶ ሁሉን በአንድ ልክ የሚያሳልፍ ሰው ፋብሪካውን በትንሹ ቀዳ እንጂ ባለ እጅ አልሆነም።

ነገር ግን የከሳሾቹ ነገር በአንድ በኩል ይጐድላል። ስትራዲቫሪ በሥራ ቤቱ ልጆቹ ነበሩለት፤ የቀድሞዎቹ ባለ ሥራ ቤቶችም ወፍራሙን የሚልጉላቸው ደቀ መዛሙርት ነበሯቸው። ዛሬ ብቻውን የሚሠራው ሰው ከበሮውን ያቆመው በዚያ ደቀ መዝሙር ቦታ ነው እንጂ በመምህሩ ቦታ አይደለም። የግማሽ ቀን ልፋት በጥቂት ጊዜ ካለቀለት፥ የተረፈውን ሰዓት ገበታውን በጣቱ እያጠፈና በጕርብቱ እያንኳኳ ለማዳመጥ ሊያውለው ይችላል። ያውለዋል ወይስ አያውለውም የሚለው የከበሮው ጥፋት ሊሆን አይገባም። ቤት ሠራሽ ከበሮ ባይኖር ኖሮ ከእነዚህ ብቸኞች ብዙዎቹ በሥራው ሊኖሩበት ባልቻሉም ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጋዴዎች ነገሩን አይተው ለትንሽ ሥራ ቤት የሚሆን ከበሮ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ከእነዚህ አንዳንዱ በአንድ ጐኑ ክፍት ነው፤ ከከበሮው ርዝመት ወርዱ የሚበልጥ ገበታ ቢመጣ አንድ ጊዜ በአንዱ ወገን፥ ዞሮም በሌላው ወገን ያልፋል። ክፍት በሆነው ጐን ያለው የከበሮ ጫፍ ጥቂት ከተነሣ ግን በገበታው መካከል ስስ መሰላል ይቀራል። ለመግዛት የሚችል ሁሉ አሁን ይገዛል። የማይችለው፥ ወይም ቢችልም በገዛ እጁ ማቆም የሚወድደው፥ ኮምፔንሳቶውን ክብ ክብ አድርጎ መቍረጡን አልተወም።

የገዛውም የሠራውም ገበታውን ከከበሮው ሥር የሚያወጣው ከሚፈልገው ልክ ጥቂት ወፍራም አድርጎ ነው። ወረቀቱ በጭረቱ ላይ የተወውን ደቃቅ መሥመር በብረት መፋቂያ እየጠረገ፥ ገበታውንም እያጠፈ እየሞከረ ወደ ልኩ ያደርሰዋል። በመምጠጫው ከረጢት የተጠራቀመውን የሮዝውድ ብናኝ አንዳንዱ አይጥለውም። በጠርሙስ ያስቀምጠውና በጊታሩ ላይ ዛጐል በተከፈከፈበት ስፍራ ክፍተት የቀረ እንደ ሆነ ከኮላ ጋራ ለውሶ ይመርግበታል።